ለእንግዳው ያሳየሁት የወንዝ ዳር ጎጆ

ሞጣ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያየው አንድ ነው። ጊዮርጊስን ይሳለማል፣ በቅሎ ተከራይቶ ወደ ሰባራው ድልድይ ይወርዳል፣ ሲመለስ ገበያው መካከል ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ ከተማዋን አየኋት ብሎ ይሄዳል። እኔ ዓይነ አፋር ስለሆንሁ የማውቃት በጀርባዋ ነው። በዋናው መንገድ ሳልፍ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ስለነበር፣ ስላክም ውኃ ስቀዳም በቁልቋሉ አጥር ሥር ለሥር ነበር የምሄደው።

ስለዚህ ምክር ለሚፈልግ ሰው የምለው አላጣም። ሞጣ በገበያ ቀን ከመጡ ገበያው ሳይሞላ በሙስሊሞቹ ነጋዴዎች ሰፈር በኩል ይግቡ፤ የጨርቅ ጣቃውን ሲዘረጉ እርስ በርሳቸው የሚቀላለዱትን ገዢ ከመጣ በኋላ አይሰሙትም። ቢቸና ከሆኑ ደግሞ በቀትር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይሂዱ። የቅኔ ተማሪው በየዛፉ ሥር ተበታትኖ ለብቻው ሲያጉተመትም ያገኙታል። አይጥሩት፤ ከጠሩት ጧት ሙሉ የቆጠረው ቅኔ ይጠፋበታል። የቀረው ምክሬ ለእንግዳ ስለማይታይ ቦታ ነው፤ እሱን የተማርሁት ግን በሰው ቤት ፍርስራሽ ላይ ነው።

ቢቸና ተወልጄ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርሁ። ከዚያ በላይ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ተባለና ሞጣ ወደ አባቴ እህት ተላክሁ። የአክስቴ ባል የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ እነሱ ቤት ነበር የሚያርፈው።

ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸውንና አንዲት ልጃቸውን እዚያው አካባቢ ቀብረዋል። ሸክላ ሠሪ ሰው ይበላል፣ ዓይኑ ቡዳ ነው ተብሎ ስለሚፈራ ሰው ገንቧቸውን ገበያ ላይ ይገዛል እንጂ ደጃፋቸውን አይረግጥም። ገንቦውንም ከእጃቸው አይቀበልም፤ መሬት ላይ ያስቀምጡታል፣ ገዢው ከመሬት ያነሣል። በስም የሚጠራቸው አልነበረም፤ ሕፃን ሳይቀር «አንቺ» ይላቸዋል። እኔ ውኃ ስቀዳ ዝናብ ያዘኝና ጎጆአቸው ተጠለልሁ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ፣ አልሞትሁም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን እሄድ ነበር። እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጭቃ ሲያቦኩ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አወራለሁ። በሕይወቴ ብዙ ያወራሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መሬቱ የባላባቱ ነው። እኔ እዚህ የምኖረው ትዝ ስለማልላቸው ነው። ትዝ ያልኋቸው ዕለት ጎጆዬ የለም። ወዴት እሄዳለሁ? የእኔ አፈር እዚህ ነው ያለ፤ ሬሳዎቼም እዚህ ናቸው።»

እንግዳው የመጣው በበጋ፣ በጭነት መኪና ነው። ስለ አገሩ ከተሞች ለጋዜጣ የሚጽፍ ወጣት ነበር። ሁለት ቀን ቤተ ክርስቲያኑንና ድልድዩን አሳዩት። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣

«ይኸንን ሁሉ ከእኔ በፊት የመጡት ጽፈውታል» አለ። «እኔ የምፈልገው እንግዳ ያልረገጠውን ነው። የከተማውን ጓዳ የሚያውቅ ሰው የለም?»

የአክስቴ ባል ሳቀ። «ጓዳውንስ ይህች ትንገርህ። ከዶሮዎቹ ጋራ በጓሮ ነው የምትሄደው።»

«ምላስ ነሣት እንጂ እግርስ ሰጥቷታል» አለች አክስቴ።

እንግዳው አልሳቀም። «እህቴ፣ ታሳይኛለሽ?» አለኝ። ትምህርት ቤት ከተውሁ ወዲህ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደስታዬ ልክ አጣ።

የጨርቅ ነጋዴዎቹን ሰፈር አሳየሁት። ውኃ የምንቀዳበትን ምንጭም አሳየሁት። ጻፈ፣ ፎቶግራፍ አነሣ፣ ከዚያ «ሌላስ? ለማንም ያላሳየሽው?» አለኝ። የለም ማለት ይቻለኝ ነበር። «አለ» አልሁና ወደ ወንዙ ወረድሁ።

እማማ ሲያዩን ከጭቃው ላይ እጃቸውን አነሡ። ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ። ንፍሮ አቀረቡለት፣ በላ፣ አመሰገነ። ፎቶግራፍ አነሣቸው። ለአክስቴ ትንሽ ልጅ መጫወቻ የምትሆን ጣት የምታህል ጀበና ገዝቶ ከእጃቸው ተቀበለ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «ቤት አይንገሩ» ልለው ቃሉን በአፌ ሳገላብጥ ከበሩ ደረስን።

ምሳ ላይ ጀበናዋን ለሕፃኗ ሰጥቶ ሁሉንም ደስ ብሎት ተረከው።

«ንፍሮ? ከማን እጅ?» አለች አክስቴ።

«ከሸክላ ሠሪዋ። እህቴማ የቤት ልጅ ናት እኮ! ንፍሮው የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ታውቃለች።»

አክስቴ ለእንግዳ ክብር ብላ እንጀራ ጨመረችለት። እሱ በማግሥቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ መጠጫ ጣሳ ለብቻው ተቀመጠ። «አንቺን ያልበሉሽ ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «ወደ ቤቴ መግቢያ መንገድ እንድትሆኛቸው ነው።»

በአራተኛው ቀን ሕፃኗ ሆዷን ይዛ ወደቀች፤ ትንፋሿ ሞቀ፣ አስመለሳት። እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ጓሮ ያለው ኮክ ገና ጥሬ ነበር። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጌ የለቀምሁላት እኔ ነኝ፤ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ሰባት ስምንት ፍሬ በልታለች። እናገራለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄድሁ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። ሰው ሲበዛ መናገር ያቅተኛል። እውነቱን ልናገር፣ ዓይነ አፋርነቴ ብቻ አይደለም፤ ኮኩን እኔ ሰጠኋት ማለትንም ፈራሁ።

የመድኃኒት አዋቂ ተብሎ አንድ ደብተራ መጣ። ሥር አጨሰና ልጅቱን ነጠላ አከናንቦ ጭሱ ላይ ደፋት። የተበላ ሰው ጭሱን ሲምግ የበላውን ይናገራል ይባላል።

«የወንዝ ዳሯ ናት?» ይላታል። ልጅቱ ታስላለች። «ጀበናዋን የላከችልሽ ናት?» ታለቅሳለች። ሦስተኛ ሲጠይቃት ጭሱ እንዲርቅላት «አዎ» አለች። ቤቱ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ አማተበ።

የበላችው መጥታ እንትፍ ካላለችባት ልጅቱ አትድንም ተባለ። ወንዶቹ ዱላቸውን አነሡ፤ ጎጆው ግን በየትኛው መንገድ እንደሚገኝ የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ሂጂ ምሪያቸው። ለእንግዳ ያሳየሽውን ለእኛ ልትነፍጊን ነው?»

መራኋቸው። ከፊት ከፊት እየሄድሁ፣ ቁልቋሉ የሳሳበትን፣ ድንጋዩ የሚያንሸራትተውን ሁሉ ሳልሳሳት መራኋቸው።

እማማን ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አጥብቀው ጎተቷቸው። የደጁን ምሰሶ ይዘው አልለቅም ሲሉ አንደኛው በዱላ እጃቸውን መታቸው። ምሰሶውን ለቀቁ። አክስቴ ቤት ሲደርሱ አፋቸው ደርቆ ምራቅ አጡ፤ ውኃ ልስጣቸው ስል «በየትኛው ጣሳ?» አለች አክስቴ። በእኔ ጣሳ ሰጠኋቸው። እንትፍ አሉ። ልጅቱ ፊቷን ጠረገች። ያን ጊዜ እማማ ወደ እኔ ቀና አሉ፤ የምናገረው ካለኝ ጊዜው ያ ነበር። አልተናገርሁም።

ልጅቱ ኮኩ ወጣላትና በማግሥቱ ተነሥታ ቂጣ ለመነች። «ይኸው፣ ስትተፋላት ዳነች!» ተባለ። ልጅቱ ብትሞት እንኳ ምናልባት የሚጠራጠር ይኖር ነበር፤ መዳኗ ግን ነገሩን ዘጋው። የባላባቱ ሰዎች ወርደው ጎጆውን አፈረሱ፤ ምሰሶውን ለማገዶ፣ ሣሩን ለከብት ወሰዱት። እማማ ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ጋዜጣው መጣ። የአክስቴ ባል ጮክ ብሎ አነበበው። እንግዳው ወደ ወንዙ ስለሚወርደው መንገድ በፍቅር ጽፏል፤ ሞጣ የሚሄድ ሰው ሸክላ ሠሪዋን ሳያይ እንዳይመለስ ይመክራል። ፎቶግራፉም ነበር፤ እማማ ከጭቃው ቀና ብለው የሚያዩት እንግዳውን ሳይሆን ከጎኑ የነበርሁትን እኔን ነው። ቀጥሎ በነበረው በዓል ከደብረ ማርቆስ ሁለት አስተማሪዎች ጋዜጣውን ይዘው መጡና መንገዱን አሳዪ ተባልሁ። ወሰድኋቸው። ሸክላ የሚተኮስበት ጥቁር መሬት ብቻ ነበር።

«እዚህ ምንም የለም እኮ» አለኝ አንዱ።

«የለም» አልሁ።

አክስቴ ጥቂት ቆይታ ወደ ቢቸና መለሰችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ከአባቴ ጋራ ገበያ ወጣን፤ ለጠላ የሚሆን ጋን ፈልጎ ነበር። በገበያው ጠርዝ፣ ከአህዮቹ ማሰሪያ አጠገብ፣ እማማ ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ጋኖቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያሉ ነበሩ።

«አንቺ፣ ይኸ ምን ዓይነት ጠማማ ነገር ነው?» አላቸው አባቴ።

«ጌታዬ፣ የዚህ አገር አፈር ገና አልለመደኝም» አሉ።

ከዚያ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። እማማ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ በዙሪያችን ግን የቢቸና ሰው ሁሉ ይገበያያል፣ ለእኔም ያን ሰሞን ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር። አባቴ ዓይናችንን ተከተለና፣

«ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አላውቃትም።»

«እውነቷን ነው ጌታዬ» አሉ እማማ፣ ጋኑን መሬት ላይ እያስቀመጡ። «ከየት ታውቀኛለች።»

አባቴ ጋኑን ከመሬት አነሣ፤ እኔ ከኋላ ከኋላው ተከተልሁት።