ከማንጎው ዛፍ ሥር የተገኙ ስልሳ አንድ ሱቆች

ኔፍታሊ ኦስፒኖ ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ግድግዳዬ ላይ ላለችው ለካርሜኗ እመቤታችን ሥዕል ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ወንበሩን ራሱ ስቦ ይቀመጣል። ሳሙናና ዘይት ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው መሆኑ የሚታወቀው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያው ስለ እናቴ ጉልበት ይጠይቃል፣ የጎረቤቴን የፍርድ ቤት ጉዳይ ይሰማል፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ የሁመር ጭማቂ ይጠጣል፤ ዓይኑ ግን መደርደሪያዬ ላይ ነው። ሲነሳ፣ «አበልጄ፣ ብስኩቱ እስከ ሐሙስ አያደርስሽም። የትንኝ ማጨሻ ግን ተርፎሻል፣ በዚህ ሳምንት አልጭንብሽም» ይለኛል። ተሳስቶ አያውቅም። የልጄ የክርስትና አባት ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው፤ በባራንኪያ፣ በእኛ ሰፈር ያለ ባለ ሱቅ ሁሉ ይህንኑ ይመሰክራል። ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ዓይነት ሠርቷል።

ለጡረታው ሃምሳ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ሲስተሙ መጣ።

ሲስተሙን ያመጣችው ዶክተር ሂሜና ናት። በእኛ አገር ኮምፒውተር ይዞ ከዋና ከተማው ከቦጎታ የመጣ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ምን እንደሚያክም አይጠየቅም። ዶክተር ሂሜና ሻጮቹን ሰብስባ ድርጅቱ ከእንግዲህ ሳሙና እንደማይሸጥ፣ የሚሸጠው «መገኘት» እንደሆነ አስረዳች። ስትራቴጂው ይህ ነው አለች። ሳሙናው ግን እንደ ድሮው በመኪና ይመጣ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ሱቅ በር ላይ ኮድ ያለው ካርድ ይለጠፋል፣ ለእያንዳንዱ ሻጭ ታብሌት ይሰጣል። ታብሌቱ ካርዱን ካነበበ ሱቁ ተጎብኝቷል። ሻጮቹ የሚወዳደሩት በወሩ ውስጥ ባስመዘገቡት ምርጥ አንድ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ብዙ ካርድ ያነበበ ስሙ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ከላይ ይሰፍራል። ሦስት ወር በተከታታይ መጨረሻ የወጣውን ሲስተሙ ራሱ የስንብት ደብዳቤ ይጽፍለታል። ይህን የፈለሰፉት ማንም ሰው በማንም ላይ ክፉ እንዳይሆን ነው ይባላል።

ኔፍታሊን በዚያ አሥር ደቂቃ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው የለም። ታብሌቱ ላይ «ሌላ» የሚል አንድ ቁልፍ ነበር፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሙያው እዚያ ውስጥ ተከተተ።

የመጀመሪያው ወር ምርጥ ሰዓቱ አራት ሱቅ ሆነ። የሁለተኛውም አራት። ጥቅምት ላይ፣ እዚህ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ወንዝ እንደሚሆን የማያውቀው ታብሌት «አሁን ይሻገሩ» አለው፤ ኔፍታሊ ቆሞ ሲመለከት ውሃው የአንድ ቤት ማቀዝቀዣ ይዞ እየወረደ ነበር። ታብሌቱም «ዘግይተዋል» ብሎ መዘገበበት።

ያዲር የሚባለው ወጣት ሻጭ ግን በሰዓት ሃያ ነበር። ያዲር ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰነፍም ብለው አልችልም፤ ላለመሥራት እንዲህ የሚደክም ሰው አይቼ አላውቅም። በአንድ ሳምንት ስልሳ አንድ ሱቅ ዞሮ በየበሩ ያለውን ካርድ ፎቶ አነሳ፤ አሳተማቸውና የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ለጠፋቸው፤ ካርቶኑን ከከተማው ዳር፣ ዙሪያው ባዶ ሜዳ በሆነ በአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀለው። እሱና ሁለት ጓደኞቹ ጥላው ሥር ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ በጨዋታው መሐል እየተነሱ ያነባሉ። በሰዓት ከሃያ እንዳይበልጥ ተስማምተዋል። ከዚያ በላይ ኃጢአት ነው ይል ነበር ያዲር።

እኛም ባለ ሱቆቹ ጻድቃን አልነበርንም። ፎቶውን ሲያነሳ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለእያንዳንዳችን ባለ ቀለም የቀን መቁጠሪያ ሰጥቶናል። ጉብኝት ያለ ዕቃ ትእዛዝ ስለማያምር ደግሞ ያዲርና ጓደኞቹ በየጊዜው «እንዳለፈው ሳምንት» የምትለውን ቁልፍ ይጫኑ ጀመር። እኔ ጌታ ዳግም እስኪመጣ የሚበቃ የትንኝ ማጨሻ ደረሰኝና መለስኩት። የተመለሰ ዕቃ የሚመዘገበው በመጋዘኑ ሲስተም ነው፤ የመጋዘኑ ሲስተምና የዶክተሯ ሲስተም አይነጋገሩም። የሁለቱ ክፍል ኃላፊዎችም ካለፈው የገና ግብዣ ወዲህ አይነጋገሩም ነበር። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ሽያጩ በየሳምንቱ ያድግ ነበር።

በሦስተኛው ወር መግቢያ ኔፍታሊ በዛፉ በኩል ሲያልፍ ያዲር ጠራው። የተባባሉትን ኔፍታሊ ራሱ ነው የነገረኝ።

«ሽማግሌው፣ ና ቁጭ በል። ፀሐይዋ ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምታሳድዳት?»

«ደንበኞቼ ጋ እየሄድኩ ነው።»

«ደንበኞችህ እዚህ ተሰቅለዋል። አበልጅህ እንኳ ጥግ ላይ ናት፣ አሥራ ሰባተኛዋ። ሰላም በላት።»

ኔፍታሊ ጥግ ላይ ያለችውን ካርድ በጣቱ ነካ። «ይህ የእናቷ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ይነግርሃል?»

«አይነግረኝም። ለዚህ እኮ ነው የምወደው።» ያዲር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፣ አትቀልድ። ለስንብት ደብዳቤው አንድ ወር ነው የቀረህ። እኔ ላንብብልህ፣ አንተ ዞር በል። ጡረታህን ከያዝክ በኋላ ንስሐ ትገባለህ።»

ኔፍታሊ አመስግኖት ሄደ።

ይህን ሲነግረኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ተቀበል አልኩት። ከሥራው ከወጣ የቀረውን አርባ አምስት ሳምንት ምናምን የሚከፍልለት የለም፤ በስልሳ ዓመቱ ማን ይቀጥረዋል? ጭማቂውን ጨረሰና ብስኩቱ እስከ ሐሙስ እንደማያደርሰኝ ነገረኝ። ሲወጣ እመቤታችን ፊት ሻማ አብርቼ ሲስተሙ እንዲበላሽ ለመንኳት። አልተበላሸም። አንድም ቀን ሳይቆም የታዘዘውን ሁሉ ሠራ፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

ዶክተር ሂሜና በዚያው ወር የከተማዋን ካርታ ከፍታ የጉብኝቶቹን ቦታ አየች። ከተማዋ ሁሉ ግራጫ ነው፤ ዳር ላይ ግን እንደ ብርቱካን ያበጠ አንድ ቀይ ክብ አለ። በሰዓት ስልሳ ጉብኝት፣ አንድ ቦታ ላይ። የገበያው ልብ እዚህ ነው የሚመታው ብላ ለዋናው ባለቤት ጻፈች፤ ድርጅቱም እዚያው ላይ የዕቃ ማሳያ አዳራሽ እንዲሠራ ተወሰነ። ከቢሮው አንዷ ልጅ ቦታውን ሄጄ ልየው ብላ ነበር አሉ፤ ካርታው ላይ እንዲህ በግልጽ እየታየ ሄደሽ ምን ልታዪ ነው ተባለች። አዳራሹ በሦስት ሳምንት በቆርቆሮ ቆመ። ማንጎውን ለጥላ ተዉት። ያዲር ካርቶኑን በዛፉ በወዲያኛው በኩል አዙሮ ሰቀለው።

ምረቃው የወሩ የመጨረሻ ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሆነ፤ ባለቤቱ ከቦጎታ በአውሮፕላን ይመጣል። ለኔፍታሊም መልእክት ደረሰው፦ በዚያው ቀንና ቦታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታብሌቱን አስረክቦ ደብዳቤውን እንዲወስድ።

የጥሪ ወረቀቱን ለባለ ሱቆች ማድረስ የሻጮቹ ሥራ ነበር። ሲስተሙ ሁሉም ደርሷል ብሎ አረጋግጧል፤ ስልሳ አንዱም ጥሪ ዛፉ ሥር ተነቧልና። ኔፍታሊ ታብሌቱን ቀደም ብሎ ላስረክብና ልገላገል ብሎ አራት ሰዓት ላይ ሲደርስ መቶ ሃያ ወንበር ተደርድሯል፤ የተያዘው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ የተጋደመችው ከማንጎው የወረደች፣ ኢጓና የምትባል ትልቅ እንሽላሊት ናት። ዶክተር ሂሜና በወንበሮቹ መሐል ብቻዋን ትመላለሳለች።

በዚህ አካባቢ ያሉት ሱቆች የት ሄዱ ብላ ጠየቀችው።

«እዚህ አካባቢ ሱቅ የለም፣ ዶክተር። የቅርቡ አሥራ አንድ ጎዳና ተሻግሮ ነው።»

«ካርታው ግን ስልሳ አንድ ይላል።»

ኔፍታሊ ወደ ዛፉ ዞር አለ። ያዲርና ጓደኞቹ ከግንዱ ኋላ ተለጥፈዋል። ሊናገር ይችል ነበር፤ እኔ ብሆን እናገር ነበር። «ሰው ነው የቸገረዎት?» አላት። «እስቲ ሄጄ ልለምናቸው።»

ባጃጅ ይዞ በየሱቁ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀመጥ ቀረ። «አበልጄ፣ አንዲት ሰው ተቸግራለች» አለኝ። ማን እንደሆነች ሲነግረኝ ደሜ ፈላ፤ አንተን ለምታባርር ሴት ነው ወይ ሱቅ የምዘጋው አልኩት።

«ደብዳቤው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ ሥራ ላይ ነኝ» አለ። «መግቢያው በርሽ ላይ ያለችው ካርድ ናት፣ ልጠሽ ይዘሻት ነይ።»

ሠላሳ ስምንት ሱቅ ተዘጋ። ዓርብ ቀን በእኛ ሰፈር ይህን ያህል በር የሚዘጋው የእመቤታችን ሥዕል ሲዞር ብቻ ነው። አዳራሹ በር ላይ ያለው ዘበኛ ካርዱ በታብሌት ሳይነበብ አላስገባም አለ፤ ትእዛዝ ነው። ያዲርና ጓደኞቹ ባለቤቱ ድንገት እንዳያገኛቸው በአጥር በኩል ጠፍተዋል። ሌሎቹ ሻጮች በየመንገዳቸው ስለነበሩ ታብሌት ያለው ሰው ኔፍታሊ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አነበበን፤ ሲያነብ ደግሞ አንዱን ስለ ሚስቱ ወሊድ፣ ሌላዋን ስለ ጣሪያዋ ይጠይቅ ነበር። እናቴንም ይዣት ሄጄ ስለነበር ስለ ጉልበቷ ራሷ መለሰችለት። ሁላችንም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ገባን።

አዳራሹ ውስጥ ባለቤቱ እንዲያየው የተሰቀለ ሰሌዳ ነበር። እኛ በገባን ቁጥር ከታች ያለው የኔፍታሊ ስም አንድ ደረጃ ይወጣ ጀመር። አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት። ሃያ አንድ ሲል ያዲርን አለፈ። ባለቤቱ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ ሲገባ ስሙ አናቱ ላይ በቀይ ያበራል፦ ሠላሳ ስምንት፣ በድርጅቱ ታሪክ ያልታየ።

ባለቤቱ ይህ ሰው ማነው ብሎ ጠየቀ። ዶክተር ሂሜና ከሩብ ሰዓት በፊት ላብ ያጠመቀውን ፊቷን አስተካክላ፣ «ሲስተሙ ያገኘልን ሰው ነው» አለችው። ማጨብጨባችንን ማቆም አልቻልንም፤ ባለቤቱ ለሲስተሙ የምናጨበጭብ መሰለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብዳቤው አልመጣም። በምትኩ ታብሌቱ «እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ኔፍታሊ ግን ዶክተሯ ጋ ሄደ፤ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ዶክተር፣ እኔ ዛሬ ማንንም አልጎበኘሁም። እነሱ ናቸው የመጡት።»

«አቶ ኔፍታሊ» አለች፣ ወደ ባለቤቱ እያየች፣ «በእናትዎ፣ አያበላሹት።»

አዳራሹ አሁንም አለ፤ ደንበኛ ገብቶበት አያውቅም፤ ዶሚኖው ወደ ውስጥ ገብቶ አየር ማቀዝቀዣ አግኝቷል። ያዲር ግን ደስተኛ አይደለም። የኔፍታሊ ሠላሳ ስምንት ለሁሉም መለኪያ ሆኖ ስለጸደቀ በሰዓት ሃያው አልበቃውም፤ በጨዋታው መሐል ሁለት እጥፍ መነሳት አለበት፣ ወገቤን ያመኛል ይላል። ኔፍታሊ «ለፍጥነት» የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ከነመስተዋቱ ለእኔ አመጣልኝ፤ የጭማቂ ማሰሮዬን ከዝንብ ይከልልልኛል።

እሱ በሚቀጥለው ወር ወደ አራቱ ተመለሰ፤ በሰሌዳውም ወደ ታች። ሦስት ወር በተከታታይ መጨረሻ ካልሆነ ግን ደብዳቤ የለም። ስለዚህ በየሦስተኛው ወር የመጨረሻ ዓርብ እኛ ሱቃችንን ዘግተን፣ ካርዳችንን ልጠን፣ ጭማቂና የተጠበሰ ዓሣ ይዘን ማንጎው ሥር እንሰበሰባለን። መጀመሪያ እምቢ ብሎን ነበር፤ አንተ ምን አገባህ፣ የመጣነው እኛ ነን አልነው። ሁላችንንም አንብቦ ሲጨርስ ከእያንዳንዳችን ጋር ይቀመጣል። ዶክተር ሂሜና ካርታው ላይ ክቡ በየሦስት ወሩ ሲያብጥ አይታ በመደነቅ ጥናት እያስጠናች ነው አሉ። እኔ እመቤታችንን ሲስተሙን አበላሺልኝ ብዬ ነበር የለመንኳት፤ እሷ ደግሞ ሳታበላሸው ኔፍታሊን አተረፈችልኝ።

ዛሬ ጠዋት ኔፍታሊ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶታል። ታብሌቱ ኪሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላየውም፣ መደርደሪያዬን ነበር የሚያየው።

«አበልጄ» አለኝ፣ «ዘይቱ እስከ ማክሰኞ ያደርስሻል። ጨው ግን ጨምሪ።»

ጨመርኩ።