የእናቴ «አቤት»

ዛሬ የቢሮአችን ፅዳት ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ በረኪና ስታፈስ ሽታው አምቦ፣ የትምህርት ቤታችን ድራማ ክበብ ውስጥ ወስዶ ጣለኝ።

የምንለማመደው እመቤትና ገረድ ቦታ የሚለዋወጡበት የቆየ ኮሜዲ ነበር። እኔ እመቤት ሆንኩ፤ ገረዷ ጓደኛዬ ሲፈን። እናቴ እነሱ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር፤ ሲፈንም እናቴን በኦሮምኛ «አዴ ጫልቱ» እያለች ከሥሯ አትጠፋም።

«አንቺ!» ብዬ ተጣራሁ።

ሲፈን አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እናቴ በረኪና የላጠውን እጇን እንደምትደብቀው እጇን ከጀርባዋ ደብቃ፣ «አቤት!» አለች። ቁርጥ እናቴን! ተማሪው አውካካ።

«ከየት አመጣሽው?» አሉ መምህሩ ተደንቀው።

«ከቤታችን» አለች፣ እኔን ሳታይ።

ቀጥሎ ገረዷን መስደብ ነበረብኝ።

«ቀጥዪ እንጂ! ኮሜዲ እኮ ማንንም አይጎዳም» አሉኝ መምህሩ።

እስከ ዛሬ አልቀጠልኩም።