ባለቤት ያቃለለው መሬት

ማንኩሳ ገበያ አቻምየለሽን የማያውቅ በርበሬ ገዥ የለም። ባሏ ይታገሱ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ውዳሴን ያሳደገችው፣ ኋላም ቡሬ ቤት ተከራይታላት ያስተማረቻት ወንዙ ዳር ካለችው ቀይ አፈር ማሳ በሚወጣ በርበሬ ነው። በሬ የላትምና የሚያርስላት ሌላ ሰው ነው፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ችግኝ ማፍላቱ፣ ተከላው፣ አረሙ፣ ለቀማው ግን በእሷ ወገብ ነው። ውዳሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀራት።

መቼም የእኛ አገር ሰው ጉዱ አያልቅም፣ የራሱን ነገር አያሞግስም። ላሚቱ ቅል ሙሉ እየታለበች «ኧረ ምን ወተት አላት፣ ለጥጃዋም አልበቃች» ይላል። ልጁን ሊድር የተቀመጠ አባት እንኳ «ምን ሙያ አላት ብላችሁ ነው» ይላል። ያሞገሰ እንደሆነ ዐይን ይበላበታል፤ ሰውም ጉረኛ ይለዋል። ነገሩ ግን በዚህ አይቀርም። ባለቤት ሲያቃልል አጠገቡ ያለ ዘመድ ያነሳል፤ «ኧረ እሱ እንዲያ ሲል ነው እንጅ!» ብሎ እውነቱን ይናገራል። ሰሚም የዘመዱን ቃል ይይዛል። ይሄን ሳያውቅ ያደገ የለም።

ግንቦት ላይ ከማንኩሳ ወደ ቆላው የሚወርድ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ። መንገዱም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል በአቻምየለሽ ማሳ መሀል ለመሀል ያልፋል። መንገድ የጠላ የለም፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እንደተሸከሟት የምትሞትበት አገር ነው። መሬቱ ለተወሰደበት ከወል መሬት ምትክ ይሰጠዋል፣ ለም ለሄደበት ለም፣ ጭንጫ ለሄደበት ጭንጫ፣ ተብሎ በስብሰባ ተነገረ። አቻምየለሽም ይሄን ሰምታ ልቧ ረጋ።

ለምን አይረጋ? መሬቱን አይቶ ምትክ ከሚመድበው ኮሚቴ ሽማግሌዎች ዋናው ገብረሰንበት ነው፣ የይታገሱ ታላቅ ወንድም። ይታገሱ የተቀበረ ዕለት ደረቱን እየደቃ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ያላት ሰው።

ኮሚቴው ሲመጣ ማሳው ታርሶ ችግኝ የሚጠብቅ ባዶ መሬት ነበር። ትሕትና የምትባል ከከተማ የመጣች ወጣት ባለሙያ አለች፤ ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ጎረቤቷ እናኑም ልታይ መጥታለች። ትሕትና በትሕትና ጠየቀች፤ ሰው አክባሪ ናት፣ አትታማም።

«እማማ፣ መሬቱ ምርቱ እንዴት ነው?»

አቻምየለሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «ኧረ ምን ምርት አለው ልጀ! ዘሩንም አይመልስ። ሥራ ከምፈታ ብየ የምጭራት ናት እንጅ» አለች።

ይሄን ብላ ወደ ገብረሰንበት ዞረች። ተራው የእሱ ነው። ገብረሰንበት ጭራውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረና ዝንቡን እሽ አለ።

«አባቶችስ ምን ትላላችሁ?» አለች ትሕትና።

«ባለቤቷ ከተናገረች እኛ ምን እንጨምራለን» አለ ገብረሰንበት።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። በወንድሙ ሚስት መሬት ከእሱ ቀድሞ ማን ይናገራል? አቻምየለሽ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ራሷን አጽናናች። እፊቷ መሬቷን ማሞገሱን አፍሮ ነው፣ ኮሚቴው ሲቀመጥ ይነግራቸዋል አለች። ጠላ ቀዳችላቸው፤ ገብረሰንበትም ጠጣ፣ መርቋትም ሄደ።

በማግስቱ መንገዱ የሚያልፍበት የገብረሰንበት ማሳም ተለካ። እሱም እንደ ወጉ «ኧረ ምን ምርት አለው» አለ። የሚስቱ ወንድም እጅጉ ከጎኑ ብድግ ብሎ «ዋሸ! በዚህ ቀበሌ እንደሱ ያለ አፈር ከየት መጥቶ!» አለ። ከወል መሬቱ ለሙ አንዲት ወንዝ ዳር ያለች ቁራጭ ብቻ ነበረች፣ ለሁለት የማትበቃ። ለገብረሰንበት ሆነች። ለአቻምየለሽ ፍየል ጉልበቷን የምትሰብርበት ተረተር ደረሳት።

በቀበሌው ስብሰባ ተነስታ ጮኸች። «አያ ገብረሰንበት፣ ስለ ይታገሱ አጥንት! ያችን መሬት አያውቋትም?»

«እኔ ምን አደረግሁሽ?» አለ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «በገዛ አንደበትሽ ነው የተናገርሽው። አላልሁም ካልሽ በማርያም ማይና ኮሚቴው እንደገና ይየው።»

ሰብሳቢው ይሁን አለ። አቻምየለሽ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ከዚያች አንዲት ቃል ወዲያ ለሙ መሬትም አለ፣ የውዳሴም ትምህርት አለ።

«ብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «እንዴት እንዳልሁት ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ! እናኑ፣ አንቺ አብረሽኝ አርመሻል፣ ለቅመሻል። እስቲ ተናገሪ!»

የእናኑንም ማሳ መንገዱ ይነካዋል፣ ገና አልተለካም፤ የሚያነሳላት ዘመድም የላት። ገብረሰንበትን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«እኔ ያንቺን መሬት በምን አውቄው፣ አቻም።»

አይ ሰው! የዚያን ማሳ በርበሬ በየዓመቱ እየቋጠረች ወስዳለች እኮ። ችግረኛ ናት፣ አይፈረድባትም የሚል አለ። ይፈረድባት እንጅ! ችግረኛ ሁሉ ጎረቤቱን ይቀብራል እንዴ?

የሚያርስላት ሰው ተረተሩን ቆሞ አየና «ማረሻየን ልስበር?» ብሎ በሬዎቹን ይዞ ተመለሰ። ትምህርት ሲከፈት ውዳሴ ቡሬ አልሄደችም። ለመንገዱ የቀን ሠራተኛ ሲመዘገብ ተመዘገበችና ድንጋይ መሸከም ጀመረች፣ እዚያው ወንዙ ዳር፣ እናቷ ማሳ ላይ።

አንድ ቀን አቻምየለሽ በሶ ይዛላት ሄደች። ልጇን ፊቷ በአቧራ ተሸፍኖ ስታያት አለቀሰች።

«ገብረሰንበት እግር ላይ ልውደቅ እንዴ?»

«የማንም እግር ላይ አትውደቂ» አለች ውዳሴ። «እሱስ መሬት ፈልጎ ነው። አንቺ ነሽ እንጅ! ማይ ሲሉሽ ብትምይ ምን ነበረበት? ለእኔ ስትይ አንዲት ውሸት አቃተሽ?»

«የሐሰት መሐላ በልጅ ይወጣል፣ ልጀ። አንቺን ፈርቸ ነው። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ውዳሴ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ አሳየቻት። ቆዳቸው ተገሽልጦ ደም ቋጥረዋል።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው፣ እማ? ሳትምይ የወጣብኝ?»

ተቆጣጣሪው ስሟን ጠርቶ ጮኸባት። በሶውን ሳትነካ ድንጋዩን አንስታ ሄደች።