ሞግዚቷን የተከተለች እናት

አዲሱ ቤት የገቡ ዕለት የድንቡሼ እናት ለሞግዚቷ መጀመሪያ ያሳየቻት ክፍሏን ነው። ሞግዚቷን ልጁ "እታለም" ብሎ ጠርቷት በዚያው ቀርታለች። በድሮው ቤት ከልጁ አልጋ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ነበር የምትተኛው፤ አሁን የራሷ በርና የራሷ መስኮት አላት።

"ተመቸሽ?"

"ተመችቶኛል እትዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለች እታለም፣ ፌስታሏን ከእጇ ሳታወርድ።

ግን አልተመቻትም። ሥራዋን አላጓደለችም፤ ልጁ በሰዓቱ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። የጠፋው ሳቋ ነው። እናትየዋ ፋርማሲ ውስጥ ቆማ ውላ ስትገባ ድካሟን የሚያራግፍላት ከውስጥ የሚሰማው የሁለቱ ሳቅ ነበር፤ አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ወፍራም ፍራሽ ገዛችላት። ትንሹን ቴሌቪዥን ክፍሏ አስገባችላት። እንግዳ ሲመጣ "እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" እያለች አሞገሰቻት። እታለም ለሁሉም "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች፤ ቴሌቪዥኑን ግን ከፍታው አታውቅም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እታለም ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ላይ ስታወራ አየቻት። ጎረቤቲቱ አራስ ናት። እናትየዋ ልቧ ድንግጥ አለ።

"ልታስኮበልላት ነው" አለችው ባሏን። "እሁድ እሁድስ ያን ሁሉ ሰዓት የት ነው የምትሄደው? ሌላ ቤት እያየች እንደሆነ ማን ያውቃል?"

"ታዲያ ተከተያት" አለ ባልየው፣ ለቀልድ። እሷ የምሯን ያዘችው።

በሚቀጥለው እሁድ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላዋ ወጣች። እታለም ታክሲ ውስጥ ስትገባ እናትየዋ ረዳቱ የሚጣራውን ሰፈር ሰምታ ግራ ተጋባች። የድሮ ሰፈራቸው ነው። ቀጣዩን ታክሲ ይዛ ደረሰችና ከአንድ ሱቅ ጥግ ተለጠፈች።

እታለም የተቀመጠችው ልብስ በሚሰፉ አንዲት አሮጊት በረንዳ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ከድሮው ቤታቸው አጥር ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የሚሰፉት፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። እታለም መርፌ እያነሳች ክሩን በከንፈሯ ታረጥብና ታስገባለች፤ ከዚያ የጨርቅ ኳስ ላይ ትሰካለች። ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ።

"ድሮ በየጠዋቱ ብቅ እያልሽ ታስገቢልኝ ነበር፤ አሁን የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ሆነ" አሉ አሮጊቷ። "እንደው ቻው እንኳ ሳትይኝ መሄድሽ…"

"እኔስ መች አወቅሁ እማማ? ነገ ነው የምንለቅ ያሉኝ ማታ ነው።" ከዚያ እታለም ስለ ድንቡሼ የሆነ ነገር አወራችላቸውና ሁለቱም ሳቁ። ያ የጠፋው ሳቅ ነው።

እናትየዋ ፊቷ እሳት ሆነ። ያን ማታ በደንብ ታስታውሰዋለች። ቤት ሊቀይሩ መሆኑን ቀድማ ብትነግራት "አልሄድም" ትለኛለች ብላ ፈርታ፣ ሆን ብላ ነበር እስከ መጨረሻው የደበቀቻት።

ቀስ ብላ ልትመለስ ስትል ባለሱቁ አያት። "የድንቡሼ እናት አይደለሽም እንዴ? ምነው ከግድግዳዬ ተጣበቅሽ?" አለ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ። በረንዳው ላይ ያሉት ሁለቱም ዞሩ።

"ልብስ ላሰፋ ነው የመጣሁት" አለች፣ አፏ ላይ የመጣላትን።

"ደግ አደረግሽ። ታዲያ ጨርቁ የታል?" አሉ አሮጊቷ።

እጇ ባዶ ነው። ሻርፗን ነካካች፣ መሬት መሬት አየች። እታለም አየቻትና "ጥፋቱ የኔ ነው እማማ" አለች። "እትዬ ያዥልኝ ብለውኝ ቤት ረስቼው መጣሁ።"

እናትየዋ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። "ጎረቤታችን ልትወስድሽ መስሎኝ ነው" አለች እናትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"የሕፃኗን ጡጦ እንዴት እንደምትቀቅል ነው የጠየቀችኝ። የት እንደምሄድም ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።"

"ምን ላድርግልሽ?"

እታለም ወደ መስኮቱ ዞረች። "ድንቡሼ መዋዕለ ሕፃናት ሲውል፣ በሳምንት አንድ ጠዋት እማማ ጋ ልሂድ። ሌላው… የእኔንም ኑሮ የሚነካ ነገር ሲኖር ከሰው እኩል ይንገሩኝ።"

"እሺ" አለች እናትየዋ። ይቅርታ ግን አላለችም።

ቤት ሲደርሱ ባልየው በሩን ከፈተ። "እህስ፣ ያዝሻት?" አለ እየሳቀ። እታለምን ያያት ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። እታለም ጫማዋን አውልቃ በሁለቱ መሃል አለፈችና ልጁ ወዳለበት ገባች።

ይቅርታውን ያለቻት ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ ልብስ እያጣጠፉ ሳለ፣ ፊቷን ከአንሶላው ሳታነሳ። እታለም "ይተዉት እትዬ" ብላ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት። ድንቡሼ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ አብራቸው ቆየች፤ ሳቋም ቀስ በቀስ ተመለሰ። እናትየዋ ግን ከውጭ ሆና በሰማችው ቁጥር፣ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ጥቂት ቆማ ፊቷ እስኪበርድላት ትጠብቃለች።