የቀረው ቆርኪ

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አያቴ ዓይናቸው ቢደክምም ዳማ መጫወት አልተዉም፤ የእሳቸው ቆርኪ አፉ ወደ ላይ፣ የእኛ ወደ ታች ስለሚደረደር በጣታቸው ይለዩታል። ጨዋታ ሳይጀመር አንድ በአንድ እየዳሰሱ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው፣ «ሁላችሁም መጣችሁ?» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ሚዛን ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ጓደኞቼ ፊት አያቴ ሦስቴ አሸነፉኝ።

«አንቺ፣ ሳያዩሽ ጠረጉሽ እኮ!» ብለው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ተናድጄ ከአያቴ ቆርኪዎች አንዱን ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ አያቴ ሲቆጥሩ አሥራ ሁለት የነበረው አሥራ አንድ ሆነ። አክስቴ፣ ልጃቸው፣ «አባዬ፣ እርስዎው ነዎት የጣሉት፤ ምን ያያሉ ደግሞ!» አለቻቸው።

«ይሆናል ልጄ» ብለው በቦታው የቡና ፍሬ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በቆጠሩ ቁጥር ጣታቸው ፍሬዋ ላይ ሲደርስ «አንዱ ቀርቷል፤ ይመጣል» ይላሉ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አንገቴን እደፋለሁ። ዛሬ ነገ ስል፣ ሳልመልሰው ሞቱ።

የለቅሶው ድንኳን በፈረሰ ማግስት ቆርኪውን ለአክስቴ ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። አያቴ ይቀመጡበት የነበረው ባዶ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ የቡናዋን ፍሬ አንስታ ቆርኪውን በቦታው መለሰች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ እየዳሰሰች ቆጠረች።