ኦቦ ዳባን ውሸታም ያሰኘሁበት ቀን

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። ዓመታት አብሮኝ የሠራው ባልደረባዬም አያውቀውም። የንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ሰው ኃጢአቱን መርጦ ይናዘዛል? እኔ መረጥኩ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከአፌ አልወጣም።

ሥራዬ ሰበታ ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ መፈለግ ነው። ለዚህ አንድ የብረት መፈለጊያ ማሽን ነበረን፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ነገር የተገጠመለት፣ ብረት ላይ ሲደርስ የሚጮህ። ስረከበው አለቃዬ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳትተወው። የግድ ከሆነብህ ባትሪውን አውጣ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለህ ወንበር ሥር አስገባው፣ መስኮቱን ትንሽ ክፈት፣ መኪናውን ጥላ ፈልገህ አቁም። እሺ ብዬ ፈረምኩ።

ኦቦ ዳባ ፉሪ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በአካባቢው ሰው ሲጣላ ለሽምግልና መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን፣ መሬት የሚለው ቃል ብቻ ሰው በሚያስቆጣበት ጊዜ፣ የእሳቸውና የጎረቤታቸው የወሰን ድንጋይ ጠፋ። መንገድ የሚጠርግ ግሬደር ይዞት ሄዷል። ጎረቤታቸው፣ አባቱን ቀብሮ መሬቱን የወረሰ ጎልማሳ፣ ወሰኑ በመሀል ካሉት ባህር ዛፎች ወዲህ፣ ወደ ኦቦ ዳባ በኩል ነው አለ። ኦቦ ዳባ ወዲያ ነው አሉ። መሀል ላይ ያለችውን ቦታ ለሴት ልጃቸው ቤት መሥሪያ አስበዋት ነበር። ማስረጃም ነበራቸው። የእሳቸውና የጎረቤታቸው አባቶች መሬቱን ሲካፈሉ ከድንጋዩ ሥር ያረጀ ማረሻ ቀብረዋል፤ ድንጋይ ቢገፋ እንኳ ብረቱ ይመስክር ብለው። ግን ቦታው ተደልድሏል፤ የት ተብሎ ይቆፈር? ሽማግሌዎቹ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ማሽን ይምጣ አሉ፤ አለቃዬም ፈቀደ።

በቀጠሮው ቀን ዓለም ገና ስደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። መኪናዬን ዳር አቆምኩ። ማሽኑን ይዤ ብወርድ የጦር መሣሪያ ይመስልብኛል ብዬ የኋላ ወንበር ላይ ተውኩት፣ ጥቁር ጃኬቴን ደረብኩበት፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ አንድ ፑል ቤት ገባሁ። ለዓመታት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው፤ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው። በዚያ ሰሞን ላረፈደውም፣ ለቀረውም፣ ሥራ ላበላሸውም ሁሉ ረብሻው ምክንያት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? መንገዱ በግማሽ ሰዓት ተከፍቷል። ሰው መጥቶ ነግሮኛል። እኔ ግን እየተሸነፍኩ ስለነበር ሳላሸንፍ አልወጣም ብዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩ። በዚያ ላይ አላሸነፍኩም።

የመኪናውን በር ስከፍት ወላፈኑ ፊቴን ገረፈኝ። የማሽኑ እጀታ ያቃጥላል፤ የባትሪው ክዳን አብጧል። አበራሁት፣ መብራቱ በራ። የመኪናዬን ቁልፍ አስጠጋሁለት፤ ዝም። ክሪኩን አስጠጋሁለት፤ ዝም። ልብ በሉልኝ፣ ማሽኑ መሞቱን ፉሪ ከመድረሴ በፊት አውቄአለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ወጣቶቹ ዙሪያውን ቆመው ጠበቁኝ። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን ይሁን ብል ምን ነበረበት? አለቃዬ እንዴት ተበላሸ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሞተ ማሽን መሬቱን ከዳር እስከ ዳር አሰስኩት። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። እኔም፣ በገዛ አፌ፣ "ምንም ብረት የለም" አልኩ። ኦቦ ዳባ ቀና ብለው አዩኝ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ለጎረቤታቸው ተፈረደ። የመሬቱስ ይሁን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ኦቦ ዳባን ለሽምግልና የሚጠራ ጠፋ። የሌለ ማረሻ ተቀብሯል ያለ ሰው እንዴት ሰው ያስታርቃል ተባለ።

ባለፈው ሳምንት ለቧንቧ ሥራ ወደ ፉሪ ተላክሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል።

"አካም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፑሉንም አልደበቅሁም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን ያውቃሉ?"

"ማሽንህ በእኔ አካፋ ላይ አልፏል። ሣር ውስጥ ተኝቶ ነበር። አካፋ ያልሰማ ማሽን ማረሻ ከየት ይሰማል?"

"ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?"

"ዙሪያችንን የቆሙትን ልጆች አላየሃቸውም እንዴ? ደማቸው ፈልቶ ነበር። የመንግሥት ሰው ዋሽቶ መሬት ሊያስበላ መጣ ብል ከዚያ በእግርህ ትወጣ ነበር?"

እኔ ከአለቃዬ ቁጣ ለመዳን ስማቸውን ሰጠሁ። እሳቸው እኔን ለማዳን ስማቸውን ሰጡ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አዲሱን ማሽን አሁኑኑ ላምጣ አልኳቸው። እንቢ አሉ። "ሁለታችን ብቻችንን ካገኘነው ሁለታችን ብቻ እናውቃለን። እሁድ ሁሉም ባለበት ይሁን።" አብረን ወደ ጎረቤታቸው ሄደን ነገሩን ነገርነው። ሰውዬው ቦታው ላይ እስከ ዛሬ ጎመን ብቻ ነው የተከለው። ለምን ቤት እንዳልሠራበት አልጠየቅሁትም። ብዙ ካሰበ በኋላ "ከሆነማ ይፈለግ" አለ፣ ለኦቦ ዳባም ወንበር አወጣላቸው።

እሁድ ማረሻው ይገኝ ይሆናል፤ ዝጎ አልቆም ይሆናል። እኔ ግን የምናገረው ማሽኑን ከማብራቴ በፊት ነው። ስማቸውን በሰው ፊት አጥፍቻለሁና ይቅርታም በሰው ፊት እጠይቃለሁ። ብረቱ ከጮኸ በኋላማ ሰው የሚያምነው ብረቱን ነው። እኔ የምፈልገው መጀመሪያ ኦቦ ዳባን እንዲያምኗቸው ነው።