አተላው የበረረ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ ሳስተምር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ጠላ ሻጭ ነበሩ። አተላው ከላሞቻቸው ተርፎ ይደፋ ነበር። አንድ ቀን የባዮሎጂው መምህር፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ያንን ሁሉ አተላ አየና፣ «ባዮጋዝማ ሁሉም ያወጣዋል። እኛ ለምን ሃይድሮጂን አናወጣም?» አለኝ። ሳቅሁበት። ከሰዓት በኋላ ግን ጀሪካን ፍለጋ የወጣሁት እኔው ነኝ።

እበት ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን አየር በሌለበት አተላ ሲበሉ ሃይድሮጂን ይለቃሉ። ችግሩ፣ አብረዋቸው የሚኖሩ ሌሎች ተሕዋስያን ሃይድሮጂኑን ተሻምተው ሚቴን ያደርጉታል። እነዚህኞቹ ደግሞ እንደ መጀመሪያዎቹ ሙቀት አይችሉም። ስለዚህ እበቱን መቀቀል ነበረብን።

አከራዬ ጭሱን አይተው ወደ ጓሮ ብቅ አሉ። «ምን እየሠራችሁ ነው?»

«እበት እየቀቀልን ነው፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ድስቱን አዩና፣ «ጨው ጨመራችሁበት?» አሉ። የባዮሎጂው መምህር ማማሰያውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ ሊገድለው ነበር።

የተቀቀለውን ከአተላው ጋር ጀሪካን ውስጥ ጨመርን፤ ኮምጣጣነቱ እንዲለዝብ ትንሽ አመድ ጣል አደረግንበት፤ ክዳኑን በስተን የጉሉኮስ ቱቦ አስገባንና ዙሪያውን አሽገን ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። ውሎ አድሮ የቱቦው ጫፍ ሳሙና ውሃ ውስጥ አረፋ ይነፋ ጀመር። ጮኽን! አረፋው ግን ከቱቦው ተላቆ ቀስ እያለ ወርዶ መሬት ላይ ፈረጠ። ሁለተኛውም ወረደ።

«ሃይድሮጂን ቢሆን ወደ ላይ ይወጣ ነበር» አልኩ፤ ልቤ ስብር አለ።

«አብሮት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። እሱ ነው የሚጎትተው» አለኝ።

«እንግዲያው በኖራ ውሃ እናሳልፈው! ኖራው ይይዘዋል።»

ቅዳሜ ባልደረባዬ ቡሬ ሄደ፤ አጎቱ ቤት እያሠራ ስለነበር ኖራ አላጣም። ሲመለስ መንገድ ላይ ፌስታሉ ሚኒባስ ውስጥ ተቀዶበት ኖሮ፣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ግቢ ገባ። አከራዬ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «መምህር፣ ወፍጮ ቤት ተቀጠርህ እንዴ?» አሉት።

የተረፈችውን ኖራ በውሃ በጥብጠን ጋዙን በዚያ ውስጥ አሳለፍነው። ከቱቦው ጫፍ አንዲት አረፋ አበጠች፣ ተላቀቀች፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ሽቅብ! የቆርቆሮውን ጣሪያ አለፈች፤ የአቮካዶውን ዛፍ አለፈች። እኔ እየዘለልኩ አጨበጭባለሁ፤ እሱ ኖራውን ሳያራግፍ እስክስታ ይመታል፤ አቧራው ከትከሻው ይቦናል።

አከራዬ እጃቸው በሊጥ እንደተለወሰ እየሮጡ ወጡ። «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«አተላዎ ሰማይ ወጣ፣ እማማ!»

ሌላ አረፋ ለቀቅንና ረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ባሰርነው እሳት ነካነው። ጧ! አከራዬ በድንጋጤ ሊጮኹ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የወጣው ግን እልልታ ነው።

«ጠላዬ ሰው ሲጥል አውቃለሁ» አሉ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ፣ «አተላዬ ሲበር ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ያ ጀሪካን አንድ ኩባያ ውሃ የሚያፈላ ጋዝ እንኳ አይወጣውም ነበር። ግድ አልሰጠንም። በማግስቱ ወሬው ጠጪው ሁሉ ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ ጓሮው በሰው ሞላ፤ አከራዬም ጣሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው፣ «መምህርት፣ እስቲ አንዷን ልቀቂላቸው!» ይሉኛል።